ከዝናብ ሸሽተን ወደ መብረቅ

በሰኔ መግቢያ፣ በአንድ የደጋ ወረዳ ከተማ አዳራሽ፣ ለአርሶ አደሮች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



መጀመሪያ ይህን ተቀበሉኝና እየተቀባበላችሁ እዩት። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው። ርዝመቱ የእኔን ቁመት ይበልጣል፤ ጠርዙም እንደ አሮጌ ጨርቅ ተበጣጥሷል። መጥረቢያ አልነካውም። ባለፈው ነሐሴ መብረቅ የመታው ዛፍ ላይ ተፈንቅሎ የወጣ ነው፤ ያገኘሁትም ከግንዱ 20 እርምጃ ያህል ርቆ ወድቆ ነው። መብረቁ በግንዱ ሲወርድ ውስጡ ያለው ውሃ ዐይን ጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቅርፊቱን ከውስጥ ገፍቶ ወረወረው። ድስት ሲፈላ ክዳኑን እንደሚያነሣው ማለት ነው፤ ይህኛው ክዳን ግን ሜዳ አቋርጦ ሄደ።

ቅርፊቱን ሳነሣ ዐይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዛፉ ሥር ሣር አልበቀለም። መሬቱ እንደ ደጃፍ ተደልድሏል። የበግ በጠጥ አለ፣ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፣ ለመቀመጫ የተደረደሩ ሦስት ድንጋዮች አሉ። እረኞችና ከገበያ ተመላሾች ዝናብ ሲይዛቸው የሚጠለሉበት ቦታ ነው። ያን ዕለት እንደ አጋጣሚ ገበያ አልነበረም።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ከተደለደለች መሬት የሚነሣ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር እኛ የምንሸሸው ዝናቡን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው «እንዳትበሰብስ!» የሚል ነው፤ «መብረቅ እንዳያገኝህ ወደዚህ ግባ» ብሎ ቦታ ያሳየን ጥቂት ሰው ነው። ዝናብ ያበሰብሳል፣ ቢበዛ ያንቀጠቅጣል፤ ጋቢም ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ከዝናብ የሚያስጥል መጠለያና ከመብረቅ የሚያስጥል መጠለያ ግን አንድ አይደሉም። ዛፉ፣ የቋጥኙ ጥግ፣ የገበያው ዳስ ዝናብ ይከለክላሉ፤ መብረቅ ሲመጣ ግን ወይ ራሳቸው ይቀበሉትና ወደ እኛ ያሻግሩታል፣ ወይ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው።

እንዴት እንደሚፈጠር በአጭሩ ልናገር። ጠዋት ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቃለች፤ ርጥቡ አየር እየሞቀ ይነሣል፤ እኛ ባለንበት ደጋ ተራራው ራሱ ሽቅብ እየገፋ ያግዘዋል። ጠዋት የጥጥ ባዘቶ መስሎ የታየን ደመና ከ7 ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ተቆልሎ ተቆልሎ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ በረዶ ነው። በደመናው ሆድ ውስጥ ቀላሉ የበረዶ ቅንጣትና ከበድ ያለው የበረዶ ፍሬ ሽቅብና ቁልቁል ሲተላለፉ ይጋጫሉ፤ በግጭቱም ተማሪዎች ቻርጅ የምትሉትን የኤሌክትሪክ ሙል ይቀማማሉ። ቀላሉ አዎንታዊውን ይዞ ወደ አናት ይወጣል፣ ከባዱ አሉታዊውን ይዞ ከታች ይቀራል። የናይለን ሹራብ በጨለማ ስታወልቁ ጣጣ እያለ የሚበራው ነገር የዚህ ታናሽ ወንድም ነው።

ሙሉ ሲበዛ ከደመናው ሥር አንድ የማይታይ መንገድ ወደ መሬት መውረድ ይጀምራል። ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ 50 ሜትር ያህል ይዘልና ጥቂት ያርፋል፣ ይከፋፈላል፣ እንደገና ይዘላል፤ በማያውቀው አገር መሽቶበት መንገድ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። መሬት ሲቃረብ ረዘም ካለው ነገር ሁሉ፣ ከዛፍ ጫፍ፣ ከጉልላት፣ ሜዳ ላይ ከቆመ ሰው አናት፣ ቀጫጭን ክሮች ሽቅብ ይነሡለታል። ከአንዱ ጋር ሲገናኝ መንገዱ ገጠመ ማለት ነው። ብልጭታው ያኔ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚያልፈው 30,000 አምፔር ገደማ ነው፤ እቤት እንጀራ የምትጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 20 አምፔር አይሞላም። የመንገዱ ሙቀት 30,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይደርሳል፤ የፀሐይን ገጽ አምስት እጥፍ ማለት ነው። አየሩ በድንገት ሲግል ይፈነዳል፤ ነጎድጓድ የምንለው የዚያን ፍንዳታ ድምፅ ነው። ሁለቱ የአንድ ነገር ብርሃንና ድምፅ ናቸው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር፤ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም መብረቅና ነጎድጓድ አብረው እንደሚሄዱ ይናገራል።

ብርሃኑ ወዲያው ይደርሰናል፤ ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሦስት ሰከንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ርቋል፤ 30 ከቆጠራችሁ 10 ኪሎ ሜትር። ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ለብዙ ዓመት ለተማሪዎቼ እንደ ትልቅ ስጦታ ስሰጥ ኖሬያለሁ። በኋላ ግን አንድ ቀን ከመስኮት ስመለከት፣ በእግር ኳስ ሜዳው መሐል ተሰብስበው እየጮኹ ይቆጥራሉ! «ዘጠኝ! ዐሥር!» ያስተማርኳቸውን በሚገባ ይዘዋል፤ የቆሙበት ቦታ ግን በአካባቢው ከሌላው ሁሉ የከፋው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥሩን ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ። ነጎድጓድ ጆሯችሁ ከገባ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ፤ አበቃ። ዝናቡ ገና ከወንዝ ማዶ ሆኖ፣ በእናንተ ላይ ፀሐይ እየበራ፣ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል። ቁጠሩ፤ ግን እየሄዳችሁ ቁጠሩ።

በዝናቡ ጅራትም እንዲሁ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አራሚው ወደ ማሳው፣ እረኛው ወደ መስኩ ይመለሳል፤ ማንም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ደመናው ግን ገና አናታችን ላይ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት በአረም ወቅት ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እባካችሁ እግሬን እዩት። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አድርጌ ተንፈራጥጬ ቆምኩ። መብረቅ ገደለው ሲባል ሁላችንም የሚታየን ከሰማይ ወርዶ አናቱን የመታው ነው። እንዲያ ቀጥታ የሚመቱት ከ100 ተጎጂ ከ3 እስከ 5 እንደማይበልጡ ሐኪሞች ይገምታሉ። ግማሽ ያህሉን የሚያገኛቸው በመሬት በኩል ነው፤ ሢሶ ያህሉን ደግሞ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ዘሎ። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ስትወረውሩ ማዕበሉ እየሰፋ፣ እየደከመ እንደሚሄድ፣ መብረቅም ዛፉን መትቶ መሬት ሲገባ በዙሪያው ይሰራጫል። ዛፉ አጠገብ ብርቱ ነው፣ እየራቀ ይላላል። እንግዲህ እኔ እንዲህ ተንፈራጥጬ ስቆም አንደኛው እግሬ ብርቱው ላይ፣ ሌላኛው የላላው ላይ ነው። ከኤሌክትሪኩ ከፊሉ በመሬቱ ከመሄድ ይልቅ በአንዱ እግሬ ወጥቶ በሌላው ይወርዳል። አሁን ደግሞ እግሬን ገጠምኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሆነ፤ የሚያልፈውም ያንሳል።

በሬ ግን እግሩን መግጠም አይችልም። ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ መሐል ላይ ደግሞ ልቡ አለ። ጥማዱ ሞቶ ገበሬው የተረፈበትን ታሪክ ከእናንተ መካከል የሰማ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ምሥጢሩ ይህ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በኖርዌይ፣ ሃርዳንገርቪዳ በሚባል ሰፊ አምባ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ማዕበል ሞተው ተገኙ፤ ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ሦስት መቶ ሃያ ሦስት መብረቅ አልወረደም። የገደላቸው የቆሙበት መሬት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን እናንተው መገመት ትችላላችሁ። ሜዳ ላይ ከተያዛችሁ መሬት ላይ አትጋደሙ፤ የተጋደመ ሰው እንደ በሬው ረጅም ነው። ብቻውን ከቆመ ዛፍ፣ ከጉብታ፣ ከሽቦ አጥርና ከወንዝ ራቁ። አንድ ላይ አትከማቹ። እረኞች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው፤ ስንፈራ መጠጋጋት የሰው ጠባይ ነው፣ ግን ድምፅ እየተሰማማችሁ ተራራቁ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሊረዳው የሚችለው ሁለቱም አብረው ካልወደቁ ነው። ቀድሞ «ቁጢጥ በሉ» ብለን እናስተምር ነበር። እግርን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት ሌላ ምንም ከሌለ አይከፋም፤ ግን በእርሱ ተማምኖ ሜዳ ላይ መቆየት ስሕተት ነው። ቤት ካለ ወደ ቤት ሂዱ፣ እየበሰበሳችሁም ቢሆን።

ወደ የትኛው ቤት? እዚህ ላይ ጭንቅ አለ፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። የተሟላ መጠለያ የሚባለው የግንብ ቤት ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ፌሮ ብረት፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የውሃ ቧንቧ ያለው። መብረቁ ቢመታው በእነዚህ በኩል ሰዎቹን ዞሮ ወደ መሬት ይወርዳል። የሣር ጎጆ ይህ የለውም። ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ ምሰሶው ከጫፉ እስከ ወለሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እኛም ሲበርደን ምሰሶውን ተደግፈን እንቀመጣለን፣ ጥጃውንም እዚያው እናስራለን። ጎጆ ውስጥ ያላችሁ ከምሰሶውም ከግድግዳውም ፈቀቅ በሉ፤ ሣሩ እሳት ሊይዝ ስለሚችል በሩ አይቆለፍ። የጭቃ ቤት ቆርቆሮ ክዳንም ብዙ አያስመካም፤ ቆርቆሮው ከመሬት የሚያገናኘው ብረት ከሌለው መብረቁ ከክዳኑ ወደ ሰው ሊዘል ይችላል። አቅራቢያችሁ የቆመ ሚኒባስ ወይም አውቶቡስ ካለ መስኮቱን ዘግታችሁ ግቡበት። የሚያድናችሁ ጎማው አይደለም፤ ዙሪያውን የከበባችሁ ብረት ነው። ባጃጅ ግን ሸራ ነው፤ ሞተር ሳይክልና የአይሱዙ ጭነት ላይ መሳፈርም ሜዳ ላይ ከመቆም አይለይም።

መጠለያ የሌለው ሕዝብ መሰብሰቢያው መጥፎ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ጎረቤቶቻችን በሐዘን አይተውታል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኡጋንዳ ሩንያንያ በሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መብረቅ 18 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደለ። ክፍል ውስጥ ነበሩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ሩዋንዳ 16 ምዕመናን በጸሎት ላይ ሳሉ ሞቱ። ሁለቱም ቦታ ሰዎቹ ያለ ቦታቸው የተገኙ አልነበሩም፤ ልጆች የሚማሩት በትምህርት ቤት፣ ሰው የሚጸልየው በቤተ ጸሎት ነው። የጎደለው መብረቁን ይዞ ወደ መሬት የሚወርድ ብረት ነበር። በኡጋንዳ ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች በትምህርት ቤቶች ጣሪያ ላይ መከላከያ መትከል ጀምረዋል።

ስለ መከላከያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ ብረት ሰክተው «መብረቅ ይከላከላል» የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያመጣው ሐሳብ መብረቅን ማባረር ሳይሆን መንገድ ማበጀት ነው፤ ከጣሪያው ጫፍ ጀምሮ በወፍራም ሽቦ ወርዶ ርጥብ መሬት ውስጥ በጥልቀት የሚቀበር መንገድ። ሽቦው መሬት ካልደረሰ መከላከያው ወጥመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ ጌኦርግ ሪሽማን የተባለ ሊቅ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ብረት ከጣሪያው ወደ ክፍሉ አስገብቶ የመብረቅን ኃይል ሊለካ ሲቀርብ፣ እሳቱ ዘሎ ግንባሩን መታው። እዚያው ሞተ። ባለሙያ ካልሠራው አይሠራ።

ቤት ውስጥ ስላለው ፈጠን ልበል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ የዲሹ ገመድ የሚነቀለው ሰማዩ ሲጠቁር ነው፤ ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ሶኬት ለመንቀል አትሩጡ፣ ዕቃው ይቃጠል። ሞባይል በኪሳችሁ መያዙ ምንም አያመጣም፤ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ጆሯችሁ ላይ ከሆነ ግን በሽቦው መጥቶ ያገኛችኋል። በቧንቧ ውሃ መታጠብም ይቆይ።

ቀይ ልብስስ? ቀይ ጃንጥላስ? ይህ ጥያቄ ሳይነሣ እንደማይቀር አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ። መብረቅ ቀለም አይለይም። የሚፈልገው ቁመትን፣ ሹል ጫፍንና ብቻውን የቆመ ነገርን ነው። ጥቁር ጃንጥላ ሜዳ ላይ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ቀይ ከለበሰው ጓደኛው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ከቀዩ ልብስ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ወግ አለ። «መብረቅ ይምታህ» የሚል እርግማን አለን። እርግማን ካደረግነው ዘንድ አንድ ቤት ላይ ሲደርስ የረገመውን ወይም የተረገመበትን ምክንያት መፈለግ እንጀምራለን። ልጇን በመብረቅ ያጣች እናት ለቅሶ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ «ምን ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። እርሷም ሰምታለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ስለ ፈጣሪ ሥራ ልከራከራችሁ አልመጣሁም፤ እዚህ አባቶች ካህናት ተቀምጠዋል፣ እነርሱ ያውቃሉ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ልጁ የሞተው ከብቶቹን ከዝናብ ሊያስጥል ዛፍ ሥር ስላስጠጋቸው ነው። ታዛዥ ልጅ ስለነበረ ነው።

አሁን ይህን ትራስ እንደ ሰው ቁጠሩልኝ። መብረቅ የመታው ሰው ወድቋል። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ «አትንኩት፣ መብረቁ ሰውነቱ ውስጥ ነው!» የሚል ነው። ስሕተት ነው። በሰውየው ላይ የቀረ ምንም ኤሌክትሪክ የለም፤ ወዲያው መንካት ይቻላል። ጭቃ ውስጥ እንቅበረው የሚሉ አሉ፣ ወተት አምጡ የሚሉ አሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ማፍሰስ ማነቅ ነው። መዝገብ በደንብ በሚያዝባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በመብረቅ ከተመቱ 10 ሰዎች 9ኙ ይተርፋሉ። የሚሞተው ልቡና ትንፋሹ የቆመበት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ የምናደርገው ከልማዳችን የተገለበጠ ነው፦ የሚጮኸውን፣ የሚያቃስተውን ለጊዜው ተዉት፤ የሚጮኽ ሰው ይተነፍሳል። ዝም ወዳለው ሂዱ።

በጀርባው አስተኙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ደረቱ መካከል አድርጉ፣ ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰጥም። እንዲህ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። 30 ጊዜ ከተጫናችሁ በኋላ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። በመብረቅ የተመታ ሰው ላይ ትንፋሹ በተለይ ይጠቅማል፤ ልቡ አንዳንዴ በራሱ ይነሣና ትንፋሹ ሳይመለስ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ልቡ አየር አጥቶ ዳግም ይቆማል። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው ወደ 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ደከመኝ ስትሉ ተተካኩ። አንተ ወንድሜ፣ ጋቢ የለበስከው፣ ና ሞክረው። ... በርታ፣ ትራስ አይታመምም። ... እንዲያ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ጠዋት ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ደወላችሁ የመኪና ቸርኬ ነው፤ እንደ ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሁሉ በግቢው ትልቁ ዋርካ ላይ ተንጠልጥሏል። ተረኛው ልጅ ብረት ይዞ ዛፉ ሥር ቆሞ ይደውላል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲልም ልጆቹ ከሜዳው እንዲገቡ የሚደወለው ያው ነው። በአውሮፓ በድሮ ዘመን ማዕበል ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወል ነበር፣ መብረቁን ያባርራል ተብሎ፤ ብዙ ደዋዮች ገመዱን እንደያዙ ሞተዋል። ቸርኬው መብረቅ አይጠራም፤ ዋርካው ግን ረጅም ነው፣ ልጁም ከሥሩ ነው። ርእሰ መምህሩን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ደወሉ ወደ ቢሮው በረንዳ እንዲዛወር ፈቅደዋል። ሽቦና መንጠቆ ይዤ መጥቻለሁ። መሰላል ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፤ አሁን 5 ሰዓት ነው፣ ደመናው እስኪቆለል ሁለት ሰዓት ያህል አለን።